የሶያ ጥብስ በአባቴ ሥጋ ቤት

አባቴ ሥጋ ሻጭ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ እሱ ግን አይዘጋም። ከሳሎን ጓዳ ይመላለሳል፣ ያልዶለዶመ ቢላ ይስላል፣ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ከጀርባዋ ቆሞ «ቢላ እንደዚህ አይያዝም» ይላታል። እናቴ በየዓመቱ በጾሙ አጋማሽ «ትንሣኤውን አቅርብልን» ብላ የምትጸልየው ለነፍሷ ብቻ አይመስለኝም።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፤ መቀመጥ አልችልም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር እዚሁ ደብረ ብርሃን ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ነበር። ኮሌታ ብቻ። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሠርቼ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሠራሁ ማለት አልችልም። አንድ ቀን ለምሳ ወጥቼ ሳልመለስ ቀረሁ። ማንም አልበደለኝም፤ ኮሌታ አስጠላኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። አሁን ቤት ውስጥ የምንንጎራደደው ሁለት ሆንን። በር ላይ መጋጨት ስንጀምር ሐሳቡ መጣልኝ።

«አባዬ፣ ሥጋ ቤቱን ለጾሙ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«የጾም ምግብ ልሸጥበት።»

«ሥጋ ቤት ውስጥ?»

«ተዘግቶ ከሚሸት ተከፍቶ ይሽተት።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አባቴ አልሳቀም፤ ግን እንቢም አላለም። ውሉን ነገረኝ። ቢላዎቹንና የሥጋ መክተፊያውን ግንድ አልነካም። እስከ ፋሲካ ሰው ከለመደልኝ ከሥጋ ቤቱ ኋላ ያለችው ጓዳ የእኔ ትሆናለች፤ ሥራዬን እዚያ እቀጥላለሁ። ካልሆነ ግን ያለ ምንም ማጉረምረም ወደ ኮሌታዬ እመለሳለሁ።

«ያለ ማጉረምረም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ነው ያላት። ያውቀኛል።

ወለሉን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በድጋሚ በሳሙና አጠብኩት። ሥጋ የሚሰቀልባቸውን ሜንጦዎች አወረድኩ። ድስቱም፣ መጥበሻውም፣ ማማሰያውም፣ ሸክላውም አዲስ ነው። ጿሚ ቤትህ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግቡ ይጣፍጣል ወይ ብሎ አይደለም፤ ድስቱ ቅቤ ነክቶታል ወይ ብሎ ነው።

ሽሮና ምስር የሚሸጥ ቤት ግን በየመንገዱ ሞልቷል። እኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት በጾም አዲስ አበባ ለዘመድ ምርቃት ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ «የጾም ጥብስ» የሚሉትን በላሁ። ስጎርሰው ደነገጥኩ፤ ማን ነው ጾሜን ያስፈታኝ ብዬ ወጥ ቤት ድረስ ገባሁ። ወጥ ሠሪዋ እየሳቀች ከረጢቱን አሳየችኝ፤ የሶያ ሥጋ ነው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ። ደረቁ ሲታይ የተሰባበረ ቡሽ ይመስላል፣ ሽታም የለው፣ ክብደትም የለው። ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ያኔ ትጨምቂዋለሽ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ታሽዋለሽ፣ ከዚያ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ትጠብሽዋለሽ።

እንዲህ ሳወራው ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ለአባቴ አቀረብኩለት። አላመጠ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ውሃ ጠጣ።

«ፍራሽ ነው» አለ።

«ፍራሽ በልተህ ታውቃለህ?»

«አሁን በላሁ። ስሚ፣ ሥጋ ስትነክሺው ይታገልሻል። ይሄ ዝም ብሎ ይገባል።»

ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን የተናገረው ከጭንቅላቴ አልወጣም። በሚቀጥለው ቀን ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ቀነስኩ፣ አጥብቄ ጨመቅኩት፣ ጠርዙ ደረቅ እስኪል ጠበስኩት። ከብዙ ሙከራ በኋላ እንደገና ሰጠሁት።

«አሁን ጥሩ ፍራሽ ሆኗል» አለ። ከዚያ ወዲያ «አልቀምስም፣ ሙያዬን ያበላሽብኛል» ብሎ እንቢ አለኝ።

መጀመሪያ የመጡት የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው፤ የፋብሪካው ሴቶች። ሸክላው ላይ እየተንቸሰቸሰ ሲቀርብ አንዷ ጎረሰችና ጮኸች፤ «ኧረ ይሄ ሥጋ ነው!» ደስ ብሏት ነው።

አጠገቧ ያለችው እጇን ሰበሰበች። «ሥጋ ከሆነማ ለምን እበላዋለሁ?»

«ሥጋ ይመስላል ማለቴ እኮ ነው» አለች የመጀመሪያዋ።

«እኔ ምን አስጨነቀኝ? ከሥጋ ልለይ ብዬ ጾሜ፣ ሥጋ መሳይ እያሳደድኩ?»

ሳህኑ በሁለቱ መካከል ወዲህና ወዲያ ተገፋ። እኔ ጥሩ ነገር ከሠራሁ ሁሉም የሚወደው ይመስለኝ ነበር፤ አንዷን ያስደሰታት ያው ነገር ሌላዋን አስቀየማት።

ጋራዥ የሚሠሩት ወንዶችም መጡ። እነዚህ ከጾም ውጭ የአባቴ ቋሚ ደንበኞች ናቸው፤ ጥሬ ሥጋ ቆመው የሚቆርጡ። ትልቁ፣ ሁልጊዜ ዘይት የነካው ኮፍያ የሚያደርገው፣ ጨርሶ አፉን ጠረገና «እህቴ፣ ይሄ ሥጋን በስልክ ሰምቶ የሠራው ሰው ነው» አለኝ። ሸክላውን ግን በእንጀራ ጠርጎ ነው የጨረሰው።

ሌላም ደንበኛ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ህንዳዊ ነው። አማርኛ የተማረው በጨዋ ሰው እጅ መሆን አለበት፤ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ይላል፣ የቤቱን ድመት ጭምር። ሥጋ በሕይወቱ በልቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ሶያ ካልወደደ ማን ይወደዋል ብዬ በኩራት አቀረብኩለት። አየው፣ አሸተተው፣ ወደ ጎን አደረገው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሥጋ ይመስላል።»

«ሶያ ነው መምህር! ምንም ሥጋ የለበትም።»

«አውቃለሁ። ሶያ እወዳለሁ። ግን ሶያው ለምን ሥጋ መምሰል ፈለገ?»

ጎንበስ ብዬ ሸክላውን አነሣሁ። ከፋብሪካው ሴቶች አንዷ ጣልቃ ገባች። «መምህር፣ እውነት በልተው አያውቁም? ለፋሲካም?»

«ለፋሲካም።»

«ውይ፣ ምስኪን!»

«አልናፈቀኝም» አላት ፈገግ ብሎ፤ «ያላገኙት ሰው አይናፍቅም።» ከዚያ ሽሮና ጎመን አዘዘ፣ በየቀኑም ያው ሽሮና ጎመን ሆነ።

ቢሆንም ሥራው ደህና ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ይበላል። ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። የጋራዡ ባለ ኮፍያ አንድ ቀን «ቁርጥ የለሽም? ጥብስማ ማንም ያስመስላል» አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት! «ነገ ና» አልኩት።

ቀይ ሥር ቀቅዬ በውሃው ሶያውን ዘፈዘፍኩ። ትልልቅ ቁራጮቹን መርጬ፣ ጨምቄ፣ በድንጋይ አስጭኜ አሳደርኩት። በነጋታው ሐሙስ ገልጬ ሳየው ከበሬ ሽንጥ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ያብረቀርቃል። ከአዋዜ ጋር ትሪ ላይ ደረደርኩና የት አስቀመጥኩት? አባቴ ሥጋ በሚያሳይበት መስታወት ውስጥ። ወደ ውጭ ወጥቼም አየሁት። በጣም አምሯል። ጥፋቱ ማማሩ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እልጣለሁ። «በስመ አብ ወወልድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ናት፤ ከእናቴ ጋር ጽዋ የምትጠጣ፣ ሰፈሩን ሁሉ የምታውቅ ሴት። እኔ እጄን አጥቤ ስወጣ እሷ የለችም። ለማን ለማን እንደነገረች አላውቅም። ማታ አባቴ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

«በሁዳዴ አረድክ አሉኝ» አለ። ድምፁን አልጨመረም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «እኔን! በሁዳዴ!»

«አባዬ፣ ቀይ ሥር እኮ ነው።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለመንገዱ ንገሪው። የፋሲካን ሥጋ ከእኔ ማን ይገዛል አሁን?»

እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በእጁ አስቆማት።

«እስከ ቅዳሜ ማታ ይሄ ወሬ ካልጠፋ ትዘጊያለሽ። ሰኞ ኮሌታሽ ጋ ነሽ።»

ዓርብ ማንም አልመጣም። የፋብሪካው ሴቶች በወዲያኛው የመንገዱ ዳር አለፉ፤ አንዷ ብቻ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ። ወሬ የማይደርሰው ህንዳዊው መምህር ብቻ መጣ። ባዶውን ቤት ዞር ብሎ አየና «ዛሬ ደስ ይላል፣ ጸጥታ አለ» አለኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ሽሮውን አቀረብኩለት።

እሱ እየበላ ሳለ የቤታችን የንስሐ አባት ገቡ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጡት፤ መስቀላቸውን እንደያዙ። ተሳለምኩና ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰዉ የሚለውን ሰምቼ ነው። አሳዪኝ።»

ከረጢቱን፣ ደረቁን ሶያ፣ ቀይ ሥሩን ሁሉ አመጣሁ። ደረቁን በጣታቸው ፈርከስ አደረጉት፣ አሸተቱት። ከዚያ ጠብሼ አቀረብኩ። ባርከው ጎረሱና ብዙ ካላመጡ በኋላ ዋጡ።

«የጾም ነው» አሉ።

ልጨፍር ስል ቀጠሉ። «ግን ልጄ፣ ሥጋ ትተን ሳለ ሥጋ የሚመስል መፈለጋችን ምንድነው?»

መምህሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔም ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር፣ አባ።»

«ጠይቀዋታል?»

«ጠይቄያቸዋለሁ። አልመለሱልኝም።»

ሁለቱ፣ አንዱ መስቀል ይዘው፣ አንዱ ሽሮ ይዞ፣ በእኔ ላይ ተባበሩ። ደሜ ፈላ።

«አባ፣ የሽምብራ አሳስ?» አልኳቸው።

«የሽምብራ አሳ ምን ሆነ?»

«የሽምብራ ዱቄት አቡክተን አሳ አስመስለን እንቆርጠዋለን። ዓይን እናወጣለታለን፣ ጅራት እናበጅለታለን፣ ቅርፊት ሳይቀር በቢላ እንጭርለታለን። ከዚያ ጠብሰን ወጥ ውስጥ እንጨምረዋለን። እርስዎም እኛ ቤት ሁለት ሦስቱን ሲበሉ አይቻለሁ። እሱ ማንን ነው የሚመስለው?»

አባ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «እሱንማ የሠሩት የድሮ እናቶች ናቸው።»

«እነሱም በጊዜያቸው እንደኔ ልጃገረድ ነበሩ።»

«ምላስሽ!» አሉ እየሳቁ። መምህሩ ስለ ሽምብራ አሳው ጠየቃቸው፤ አባም በእጃቸው ጅራቱን እያሳዩ አስረዱት። ሲነሡ «ሰውን የሚያስደነግጥ ነገር መስታወት ውስጥ አታድርጊ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የጾም ነው እላለሁ» አሉኝ። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ከዚህስ የእናትሽ ሽሮ ይሻላል።»

አባ ቃላቸውን ጠብቀው ነገሩ፤ ግን ጎረቤታችን «አባ የዋህ ናቸው፣ ያቺ ልጅ በምላሷ አሳምናቸው ነው» አለች አሉ። ወሬ በአንድ ቀን ገብቶ በአንድ ቀን አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሜንጦዎቹን ከጓዳ አውጥቶ መወልወል ጀመረ። እኔም ሸክላው ላይ አንድ ጥብስ ጣልኩ። የሚበላው ስለነበረ አይደለም፤ እጄ ሥራ ስለፈለገ ነው።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል። በዚያ መሐል ሐጂ መጡ። ሐጂ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፣ ከቆላ ከብት ያመጣሉ፤ አባቴ ሰንጋ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ወዳጅነታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። አባቴ ለዒድ እሳቸው ቤት ይሄዳል፣ እሳቸው ለእህቴ ሠርግ መጥተዋል። ግን እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ በሠርጉም ለሙስሊም እንግዶች የተለየ በግ በራሳቸው ሰው እጅ ታርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ፣ በሌላ ዳስ ነው የቀረበው። ሥጋ የሚሸጥና ከብት የሚሸጥ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሥጋ ሲያወሩ ኖረው አንድም ቀን አብረው ጎርሰው አያውቁም።

ረመዳን ካለፈ ብዙ አልቆየም ነበር። ሐጂ ስለ ፋሲካ ሰንጋ ሊነጋገሩ ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን አነሡ።

«አጀብ! በጾማችሁ ጥብስ?»

«ሶያ ነው» አለ አባቴ በስልቸታ፣ «አኩሪ አተር። የልጄ እብደት ነው።»

«አተር ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«የሚሸተው ቅጠሉ ነው።»

«ሐጂ፣ ይቅመሱ» አልኩ እኔ።

ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ በአባትሽ ሥጋ ቤት ውሃ እንጂ ሌላ ነገር ቀምሼ አላውቅም።»

«ድስቱ አዲስ ነው፣ ቢላው አዲስ ነው፣ ሸክላው አዲስ ነው። ዘይቱ የኑግ ነው። የታረደ ነገር አልነካውም።» ከረጢቱን ፊታቸው ዘረገፍኩት።

ሐጂ ወደ አባቴ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

አባቴ ሜንጦውን እንደያዘ ቆመ። ከሐሙስ ጀምሮ ስሙ በሰፈር ሲብጠለጠል የሰነበተ ሰው ነው። «ወንድሜ» አለ፣ «እኔ ሥጋ አውቃለሁ። ይሄ ሥጋ አይደለም።»

«እንግዲያስ ብቻዬን አልበላም። ታጠብ።»

አባቴ አመነታ፤ ከዚያ ሜንጦውን አስቀመጠና ታጠበ። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉ፣ አባቴ አማተበ፣ እጃቸው እኩል ሸክላው ላይ ወረደ። ሐጂ አላመጡ። አባቴን አዩት። አባቴም እያላመጠ አያቸው።

«ሥጋ አይደለም» አሉ ሐጂ።

«አልኩህ እኮ።»

«ግን ጥብስ ነው!» ብለው ደገሙ። ከዚያ አባቴን አጎረሱት። አባቴ ሲጎርስ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም ቃሪያው ያቃጠለው መስሎኝ ውሃ ላመጣ ተነሣሁ።

በዚህ መሐል መስታወቱ ጨልሞ ነበር። ቀና ስል ሰው ነው። የጋራዡ ባለ ኮፍያ አለ፣ ከጫጫ እህል ጭነው የመጡ ገበሬዎች አሉ፣ ከፊት ደግሞ ጎረቤታችን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አስጠግታለች። ወጣሁ።

«ሐጂ ናቸው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ናቸው።»

«ሐጂ የእኛን ሥጋ ይበላሉ?»

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ኧረ አይበሉም! እሳቸውማ ቢሞቱ አይበሉም።» አፏን ያዘች። የአባን ቃል ያልተቀበለች ሴት፣ የሐጂን ጉርሻ ስታይ ነገሩ በአንዴ በራላት። «ስለዚህ... ሥጋ አይደለማ!»

«ሐሙስም አልነበረም።»

ባለ ኮፍያው መንገዱን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ «ሐጂ ከበሉማ ያለቀ ነገር ነው! ለእኔም አንድ ሸክላ!» ብሎ ገባ። ጎረቤታችን ትንሽ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና እሷም ገባች። «ለእኔም አድርጊልኝ» አለች፣ «ያን ቀዩን ግን እንዳታመጪብኝ።» ቀዩን ዳግመኛ አልሠራሁትም። ማንንም ለማታለል መሞከር እንደሌለብኝ ያን ቀን ገባኝ፤ ሐጂ ሥጋ አለመሆኑን ስላወቁ ነው የበሉት።

ሐጂ እጃቸውን ታጥበው ስለ ሰንጋው ከተነጋገሩ በኋላ እንደ ዋዛ ጠየቁ። «ከፋሲካ በኋላ ስመጣ ይሄ ነገር አለ?»

«ከፋሲካ በኋላ ሥጋ ነው የሚሸጠው» አለ አባቴ።

«ለሌላው። እኔና አንተስ የት ነው የምንበላው?»

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ ወንበር ሞልቷል፣ ባለ ኮፍያው «ሥጋን በስልክ የሰማ» የሚለውን ቀልዱን ለገበሬዎቹ እያወራ ነው፣ ጎረቤታችን ሁለተኛ እንጀራ ጠይቃለች።

«ጓዳው አለ» አለ። «ጓዳው የእሷ ነው።»

የፋሲካ ሥጋ እንደ ሁልጊዜው ተሸጠ። ሳምንቱ ሲያልፍ አባቴ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ። ደንበኛዬ በሥጋው በኩል እንዳያልፍ ጓዳዋ በራሷ በኩል ወደ መንገድ በር ያስፈልጋታል አለና ግድግዳውን ራሱ ይሰብር ጀመር። ዱቄት የመሰለ አቧራ ጠጥቶ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር። እኔ ራቅ ብዬ ቀዳዳውን በዓይኔ ለካሁ።

«ጠባብ ነው» አልኩት።

መዶሻውን ሳያስቀምጥ ዞረ። «ሶያ ነው የምታስገቢበት» አለኝ፤ «በሬ አይደለም።»